ግልጽ ደብዳቤ፦ «እየመራ ነው» ከማለታችሁ በፊት ልዩነቱን አስሉት

በሐዋሳ ከተማ ለምትገኙ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅት ክፍሎች፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ገጽ አዘጋጆች፣ የምርጫ አስተያየት ለምትሰበስቡ ተቋማትና በጎ ፈቃደኞች በሙሉ

ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የምርጫ አስተያየት ውጤትን በመቶኛ ስለ ማቅረብ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ምርጫ ሲቃረብ እንዲህ ያለ ዜና ይበዛል፦ «600 የከተማችንን ነዋሪዎች ጠይቀናል። እጩ ሀ 44 በመቶ፣ እጩ ለ 38 በመቶ አግኝተዋል፤ 18 በመቶው ገና አልወሰኑም። እጩ ሀ በ6 ነጥብ እየመራ ነው።» ቁጥሮቹን ለማሳያ ያወጣናቸው እኛ ነን፤ የማንንም እጩ አይመለከቱም። የዜናውን አነጋገር ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከተሰበሰበው መረጃ አይወጣም፤ በአድማጩ ጆሮ የሚቀረው ደግሞ እሱ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ የእጅ ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር ይበቃል። የእጩ ሀ ድርሻ 0.44 ነው። 0.44ን ሀን ባልመረጡት ድርሻ፣ በ0.56፣ አባዙት፦ 0.2464። ለ600 አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፦ 0.0203 ገደማ ይመጣል። መደበኛ ስህተት የሚባለው ይህ ነው። በ1.96 ሲባዛ 0.0397፣ በመቶኛ ሲነገር 4 ነጥብ ያህል ይሆናል፤ የስህተት ህዳግ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ የእጩ ሀ ድርሻ ከ40 እስከ 48 በመቶ ባለው ክልል ይገመታል። በዚሁ መንገድ እጩ ለ ከ34 እስከ 42 በመቶ ላይ ይውላል። 1.96 የገባው 95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ስለመረጥን ነው፦ በተመሳሳይ መንገድ 100 ጊዜ ናሙና ብንወስድ በ95 ያህሉ የምንሠራው ክልል ትክክለኛውን የሕዝብ ድርሻ ይይዛል ማለት ነው።

ሁለቱ ክልሎች ከ40 እስከ 42 ላይ ይደራረባሉ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆምና «ስለተደራረቡ እኩል ናቸው» ይባላል። ይህም አያስኬድም፤ ክልሎቹ በትንሹ ተደራርበው ልዩነቱ ግን ከናሙና ስህተት ያለፈ ሊሆን ይችላል። መለካት ያለበት ራሱ ልዩነቱ ነው። የሁለቱን ድርሻ ደምሩ፦ 0.82። ልዩነቱን በራሱ አባዙና (0.06 በ0.06፣ 0.0036) ከ0.82 ላይ ቀንሱ፦ 0.8164። ለ600 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ በ1.96 አባዙ። 7.2 ነጥብ ታገኛላችሁ። የእጩ ሀ ብልጫ 6 ነጥብ ነው፣ የብልጫው የስህተት ህዳግ 7.2 ነው። እውነታው ሀ በ13 ነጥብ ቀድሞ ሊሆን ይችላል፤ በ1 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶም ሊሆን ይችላል።

የብልጫው ህዳግ የእያንዳንዱን እጩ ህዳግ ወደ እጥፍ የሚጠጋው ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ናሙና ስለሚወጡ ነው። አንድ ሰው ከለ ወደ ሀ ቢዞር አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ ልዩነቱ በሁለት ሰው ይንቀሳቀሳል። «የስህተት ህዳጉ ±4 ነው፣ ልዩነቱ 6 ነው፣ ስለዚህ ይመራል» የሚለው የተለመደ አነጋገር የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ±4 የአንድ እጩ ህዳግ እንጂ የብልጫው አይደለም።

ሌላ መንገድ የምትመርጡ ካላችሁ፦ ሁለቱ እጩዎች በመራጩ ዘንድ ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ ከ100 ናሙና በ10 ያህሉ 6 ነጥብ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ይታያል። ይህን ገልብጣችሁ «ሀ የመምራት ዕድሉ 90 በመቶ ነው» እንዳትሉት። የተሰላው፣ ሁለቱ እኩል ናቸው ብለን ከተነሣን እንዲህ ያለ ናሙና ምን ያህል ጊዜ ይመጣል የሚለው ነው። ለዜና የሚሆነው ዓረፍተ ነገር «እጩ ሀ በጠየቅናቸው ሰዎች ዘንድ በ6 ነጥብ ቀድሟል፤ ልዩነቱ ግን ከናሙና ስህተት ስለማያልፍ ማን እንደሚመራ መናገር አይቻልም» የሚል ነው። ይረዝማል፤ ግን እውነት ነው።

እስካሁን ያሰላነው 600ው ሰው ከመራጩ ሁሉ አንድ በአንድ በዕጣ እንደወጣ ቆጥረን ነው። በመስክ ግን እንዲህ አይሠራም። ብዙ ጊዜ 20 ቦታ ተመርጦ፣ በእያንዳንዱ 30 ሰው ተጠይቆ ነው 600 የሚሞላው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ተራ የሚሠሩ ሰዎች ሐሳባቸው ይቀራረባል። 30ኛው ሰው ከ29ኙ በኋላ የሚጨምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። የቡና ናሙና የሚወስድ ሰው ከአንድ ከረጢት አፍ ላይ ዘግኖ አይመለስም፤ ሹሉን ቧንቧ በየከረጢቱ እየሰካ ከላይም ከውስጥም ያወጣል። ለሲዳማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የአንድ ሰፈር ሰዎች የሐሳብ መመሳሰል 0.05 ነው እንበል (0 ምንም፣ 1 ፍጹም መመሳሰል ነው)፤ ለፖለቲካ ጥያቄ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። በአንድ ቦታ ከሚጠየቁት ሰዎች አንድ ቀንሱ፣ በ0.05 አባዙ፣ 1 ጨምሩ። 30 ሰው ከሆነ 29 በ0.05፣ ሲደመር 1፣ 2.45 ይሆናል፤ ይህ የክላስተር (በአንድ ቦታ አብረው የተጠየቁ ሰዎች ስብስብ) ማባዣ ይባላል። 600ን ለ2.45 ስታካፍሉ 245 ይመጣል። 600 ሰው ጠይቃችኋል፤ ያገኛችሁት መረጃ ግን በዕጣ የወጡ 245 ሰዎች የሚሰጡትን ያህል ነው፣ ህዳጉም ከ±4 ወደ ±6.3 ያድጋል። በዚያው ድካም 60 ቦታ መርጣችሁ በየቦታው 10 ሰው ብትጠይቁ ማባዣው 1.45፣ ናሙናው 414 ያህል፣ ህዳጉ ±4.8 ይሆናል። ተጨማሪው ወጪ በአብዛኛው የመጓጓዣ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ የባጃጅ ሒሳብ ነውና በጀቱ ላይ ካለው ከማንኛውም ወጪ ይበልጥ ይጠቅማል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ የሚሠራቸውን ጥናቶች ተመልከቱ፦ በአንድ የቆጠራ ቦታ (ለሕዝብ ቆጠራ በተከለለ ትንሽ አካባቢ) የሚጠይቀው 8 ሰው ብቻ ነው።

ቦታዎቹ ከየት ይመረጣሉ? ፒያሳ፣ መናኸሪያ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ተቁሞ የሚጠየቀው ሰው በመንገድ የተገኘ ሰው ነው፤ እዚያ ያልወጣው የመመረጥ ዕድሉ ዜሮ ነው። በዕጣ ያልተገኘ ናሙና ላይ የስህተት ህዳግ መጻፍ አይገባም፤ ቀመሩ መልስ ይሰጣችኋል፣ ነገር ግን የሚለካው ነገር የለም። ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱትም የቆየ ካርታ ይዘው ከወጡ ይስታሉ። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፓርኩ ውስጥ ለመሥራት የመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የተከራዩባቸው ክፍሎች በዚያ ካርታ ላይ የሉም። የቆጠራ ቦታ በዕጣ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ቦታውን እግር በእግር ዞሮ ቤቶቹን በአዲስ መመዝገብ ግድ ነው።

ስትመዘግቡ በር ሳይሆን ቤተሰብ ቁጠሩ። በአንድ ግቢ አከራዩ ከፊት፣ ከኋላ በተርታ ሰባትና ስምንት የኪራይ ክፍል ሊኖር ይችላል። «በየአምስተኛው ግቢ» የሚሄድ መረጃ ሰብሳቢ በሩን ሲያንኳኳ የሚወጣው አከራዩ ወይም ልጁ ነው፤ ተከራዮቹ ከናሙናው ይወጣሉ። አከራይና ተከራይ ደግሞ በዕድሜ፣ በትውልድ ቦታ፣ በኑሮ ይለያያሉና ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እያንዳንዱ ለብቻው ምድጃ ያለው ክፍል እንደ አንድ ቤተሰብ ይመዝገብ። ከተመረጠው ቤት 18 ዓመት የሞላቸውን ሁሉ ስም ጽፋችሁ በዕጣ አንዱን አውጡ። የወጣው ሰው ቤት ከሌለ «ያለው ይመልስ» አይባልም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመለሱ፣ አንዱ በምሽት፣ አንዱ በእሑድ ይሁን። የፈረቃ ሠራተኛና የባጃጅ ሾፌር ማክሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቤቱ አይገኝም። መረጃ ሰብሳቢውን በቀን በሞላው ቅጽ ብዛት የምትከፍሉት ከሆነ ሦስት ጊዜ እንዲመለስ አትጠብቁ፤ ክፍያው ራሱ ደንቡን ያስጥሰዋል።

ያልመለሱት ሰዎች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። 1,000 ሰው ቀርባችሁ 600ው መለሰ እንበል። ከመለሱት ሀን የደገፉት 44 በመቶ ናቸው። ካልመለሱት 400 ሰዎች ሀን የሚደግፉት 24 በመቶ ብቻ ቢሆኑ የሁሉም ድርሻ 36 በመቶ ይወርዳል። ስምንት ነጥብ ስህተት፣ ከ±4ቱ እጥፍ፣ እና የትኛውም ቀመር አያስጠነቅቃችሁም። ናሙናውን ወደ 6,000 ብታሳድጉትም ስህተቱ እዚያው ይቆያል። በ1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የአገሩ መጽሔት ሊተራሪ ዳይጀስት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተቀበለ። እጩው ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ወደ 61 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። አድራሻዎቹ የተሰበሰቡት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልሶ የላከውም ሰው ካልላከው የተለየ ነበር። 20,000 ሰው ድምፅ የሰጠበት የቴሌግራም መጠይቅ ላይ ቀመሩን ብትሠሩ ±0.7 ይሰጣችኋል፤ ያ ቁጥር ከናካቴው መጻፍ የለበትም። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን ምን ያህል ሰው እንደቀረባችሁ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለ፣ ስንቱ እንዳልተገኘ ለየብቻ አውጡ። «አልወሰንኩም»፣ «አልናገርም» እና «አልተመዘገብኩም» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ በአንድ ሣጥን አትጨምሯቸው።

በኬንያ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫው በፊት የወጡት አብዛኞቹ መጠይቆች ራይላ ኦዲንጋን አስቀድመው ነበር፤ ዊልያም ሩቶ በ50.49 ለ48.85 በመቶ አሸነፉ። እንዲህ በተቀራረበ ውድድር፣ ብዙ ሰው መልሱን በያዘበት ሁኔታ፣ ጥቂት ነጥብ ብልጫ የሚያስተማምን ነገር አይደለም።

በእኛ አገር ሰው ለማያውቀው ጠያቂ ምርጫውን በግልጽ ላይናገር ይችላል፤ ይህንንም ልንወቅሰው አይገባም። መረጃ ሰብሳቢው ወረቀቱን ሰጥቶ ፊቱን ያዙር፣ ተጠያቂው ራሱ ምልክት አድርጎ አጥፎ በታሸገ ኮሮጆ ይክተት፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የእጩዎቹ የምርጫ ምልክት ይታተምበት። ጥያቄው ይበልጥ የሚያስፈራ ከሆነ የሳንቲም ዘዴ አለ። ተጠያቂው ለብቻው ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ እውነታው ምንም ይሁን «አዎ» ይላል፣ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። ጠያቂው ሳንቲሙን ስላላየ «አዎ» ማንንም አያጋልጥም። ከ600 ሰው 64 በመቶው «አዎ» ቢሉ 50ው የሳንቲሙ ነው፤ የቀረው 14 ለ0.5 ሲካፈል 28 በመቶ ይሆናል፣ ትክክለኛው ድርሻ እሱ ነው። ዋጋው ህዳጉ ነው፦ ±3.8 የነበረው ወደ ±7.7 ያድጋል፤ በዚህ ዘዴ የምትሠሩ ከሆነ ናሙናውን አስቀድማችሁ አሳድጉ። ጠያቂውም የሚናገረው ቋንቋ መልስ ይለውጣልና መጠይቁ በሲዳምኛም በአማርኛም ተዘጋጅቶ ከመውጣቱ በፊት ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ ይፈተሽ፤ የእጩዎቹ ተራም ከቅጽ ቅጽ ይቀያየር፣ መጀመሪያ የተነበበ ስም ብልጫ ያገኛልና።

አሁን ወደ ክፍለ ከተሞቹ። 600 ሰው ለስምንቱ ክፍለ ከተሞች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 75 ይደርሰዋል። የ75 ሰው ህዳግ ±11.3 ነው፣ ያውም የክላስተሩ ማባዣ ሳይገባ። «ሀ በታቦር ሲመራ ለ በሐይቅ ዳር ይመራል» የሚለው ካርታ ያማረ ቢሆንም አብዛኛው ቀለሙ የዕጣ ውጤት ነው። ለየክፍለ ከተማው መናገር የሚፈልግ በየክፍለ ከተማው ቢያንስ 385 ሰው ይጠይቅ፤ ±5 የሚገኘው በዚያ ነው። ለ±3 1,068፣ ለ±2 2,401 ሰው ያስፈልጋል፤ ህዳጉን ለማጋመስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። «ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት 1,000 ሰው ምን ይበቃል?» ለሚለው መልሱ፣ የሕዝቡ ብዛት ስሌቱ ውስጥ ብዙም አይገባም የሚል ነው። ናሙናው ከሕዝቡ 5 በመቶ ካላለፈ ለከተማም ለአገርም የሚያስፈልገው ቁጥር ያው ነው።

ትናንሽ ፓርቲዎች ላይ የተለመደው ቀመር ይሰበራል። ከ75 ሰው 2ቱ የመረጡት ፓርቲ ድርሻው 2.7 በመቶ ነው፤ ቀመሩ ከ−1 እስከ 6.3 በመቶ የሚል ክልል ይሰጣል። ከዜሮ በታች ድምፅ የለም። በዚህ ጊዜ ኤድዊን ዊልሰን በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ስሌት ተጠቀሙ፤ ከ0.7 እስከ 9.2 በመቶ ይላችኋል፣ ማንኛውም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ከ50 ሰው አንድም ያልመረጠውን ደግሞ «ደጋፊ የለውም» አትበሉት፦ 3ን ለ50 ስታካፍሉ 6 በመቶ ይመጣል፤ ድርሻው እስከዚያ ድረስ ሊሆን ይችላል።

«ባለፈው ወር 44 ነበር፣ በዚህ ወር 41 ሆነ፣ ድጋፉ አሽቆለቆለ» የሚለውም ያው ችግር አለበት። የሁለት የ600 ሰው ናሙናዎች ልዩነት ህዳጉ ±5.6 ነው። 3 ነጥብ መውረዱ ለውጥ ይሁን ዕጣ አይለይም። ሦስተኛና አራተኛው ዙር በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ያኔ ይነገር።

ናሙናው ውስጥ 400 ወንድ፣ 200 ሴት ገብተው ከመራጩ ግማሹ ሴት ከሆነ በክብደት ማስተካከል ይገባል፤ ለወንዱ 0.75፣ ለሴቷ 1.5። ሀን ከወንዶች 50፣ ከሴቶች 35 በመቶ ቢደግፉት ያልተስተካከለው 45፣ የተስተካከለው 42.5 ነው። ማስተካከሉም ናሙናውን ከ600 ወደ 533 ያህል አቅም ያወርደዋልና ህዳጉ በዚያው ይሰላ።

አንድ ነገር ይቀራል። መቶኛ ወንበር አይደለም። የእኛ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚል ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱ በአንድ ወገን መግባታቸው ከድምፅ ድርሻ ጋር የሚመጣጠን ነገር አልነበረም። ከተማ አቀፍ መቶኛ ይዞ «ይህን ያህል ወንበር ያገኛል» የሚል ሰው በየምርጫ ክልሉ ናሙና ሊኖረው ይገባል። በተቃራኒው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ክልልነትን የደገፈው ድምፅ 98.51 በመቶ ነበር። ያንን 100 ሰው ጠይቆም መገመት ይቻል ነበር፤ ስለዚህ «ያኔ ገምተን ነበር» የሚል መጠይቅ በተቀራረበ ውድድር ለመታመኑ ማስረጃ አይሆነውም።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ውጤት ስታወጡ ማን እንደከፈለ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደተሰበሰበ፣ ቦታዎቹና ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንት ሰው ተቀርቦ ስንቱ እንደመለሰ፣ የጥያቄው ቃል በቃል ጽሑፍ፣ የብልጫው ህዳግ ከክላስተሩ ማባዣ ጋር አብረው ይውጡ። ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አብዛኛውን ይህን ታስገድዳለች፤ እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። መቶኛውን በነጥብ አትከፋፍሉት፦ ህዳጉ 5 ሆኖ «44.33» ማለት ሕዝቡ የሌለ ትክክለኛነት እንዲያይ ማድረግ ነው። ለዜናው 3 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ብልጫውና ህዳጉ ይነበብ፣ ሌላው በገጻችሁ ይለጠፍ። ህዳጉ ከብልጫው ከበለጠ «እየመራ ነው» የሚለው ቃል ከርዕሱም ከዜናውም ይውጣ።

የመስክ ቅጽ፣ የቤት መመዝገቢያና የዕጣ ማውጫ ሠንጠረዥ፣ እንዲሁም እዚህ የሠራናቸውን ስሌቶች በኤክሴል አዘጋጅተናል። ለማንኛውም ጣቢያ ወይም ቡድን፣ ለየትኛውም ፓርቲ ቢሠራ፣ በነጻ እንሰጣለን፤ ውጤት ከመውጣቱ በፊት ስሌቱን እንድናይላችሁ ከፈለጋችሁም እናያለን።

ከሰላምታ ጋር
በሐዋሳ የምንገኝ የስታቲስቲክስ መምህራንና የመስክ ጥናት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን